ማዲያት የመሰለው ምርጊት፦ የአንድ ፖርትሬት ቴክስቸር እንዴት ተበላሽቶ እንዴት ተስተካከለ

መነሻው

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ባለች ትንሽ ፎቶ ቤት ነው። አንድ ካሜራ ማን፣ አንድ ኤዲተር፣ አንዲት እንግዳ ተቀባይ ነን። ኤዲተሩ እኔ ነኝ። ይህን ጉዳይ የምጽፈው ስለተሳካልኝ አይደለም። መጀመሪያ ክፉኛ ስለተበላሸብኝ ነው። ደንበኞቹ እንድጽፈው ፈቅደዋል፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም።

ፋሲካ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንዲት ሴት እናቷን ይዛ መጣች። እናትየው ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ልጆቻቸው ውጭ አገር ተበትነዋል፤ ለበዓሉ ሊሰባሰቡ ነው። ሳሎን የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ፈለጉ። መጠኑ 60 በ90 ሳንቲ ሜትር፣ ካንቫስ ላይ የሚታተም።

ልጅቷ ከፒንተረስት ያስቀመጠቻቸውን ናሙናዎች ከስልኳ አሳየችኝ። ጠቆር ያለ ቡናማ ጀርባ፣ እንደ ድሮ የዘይት ቀለም ሥዕል የተሰነጣጠቀ ገጽ፣ ከአንድ ጎን የሚመጣ ብርሃን። «ወንድሜ፣ ልክ እንደዚህ አርጉልኝ። ፎቶ ሳይሆን ሥዕል ይምሰል» አለችኝ። ቀላል ነው አልኳት።

እናትየው ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ከነነጠላው ለብሰዋል። አንገታቸው ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት አለ፤ ከዕድሜ ብዛት ደብዝዞ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ሄዷል። ካሜራ ማናችን ከግራ በኩል በአንድ ሶፍት ቦክስ (ብርሃን በሚያለሰልስ ሳጥን መሳይ መብራት) ብቻ አነሳቸው። ፋይሉ ሮ (ካሜራው ያስቀመጠው ያልተነካ ጥሬ ፋይል) ነው፣ 4000 በ6000 ፒክስል። 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲዘረጋ በአንድ ኢንች ወደ 169 ፒክስል ይደርሳል። ራቅ ተብሎ ለሚታይ ካንቫስ ከበቂ በላይ ነው። ጥሬው ፎቶ ግሩም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጥፋቱ ከየት እንደመጣ እንዳይምታታ ነው።

ቴክስቸሩ ከየት መጣ

ለማያውቀው ላስረዳ። ቴክስቸር የምንለው ከዋናው ፎቶ በላይ በሌላ ሌየር (ንብርብር) የሚደረብ ሁለተኛ ፎቶ ነው። ግድግዳ፣ ብራና፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ የተጨማደደ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ብሌንዲንግ ሞድ በሚባለው ምርጫ ከታችኛው ጋር እንዲዋሃድ ይደረጋል። ሌየር ፎቶሾፕ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1994 በ3.0 ስሪት ነው። ፕሮግራሙ በ1990 ሲወጣ ሌየር የሚባል ነገር አልነበረውም። የዚያን ጊዜዎቹ ኤዲተሮች እንዴት እንደቻሉት እግዜር ይወቀው።

ልጅቷ ራሷ አንድ ቴክስቸር በቴሌግራም ላከችልኝ። እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ ስለላከችው ተጨምቆ ደረሰ። ወደ 6000 ፒክስል ስለጥጠው ካሬ ካሬ ሆነ። ደግሞም የማን ሥራ እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ የራሴን ላንሳ አልኩ።

አክስቴ ግቢ የማድ ቤቱ ግድግዳ ምርጊት ነው፤ ጭድ ተቀላቅሎበት የተለሰነ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ጎን ለጎን ስትመታው እያንዳንዱ ስንጥቅ ጥላ ይጥላል። በስልኬ አነሳሁት፣ 3024 በ4032 ፒክስል። ዋናውን ፎቶ እንዲሸፍን አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ማስፋት ነበረብኝ። ሰሌንም፣ የምጣድ ጀርባም አንስቼ ሞክሬያለሁ። የሰሌኑ መስመር ከነጠላው ድር ጋር ሲገናኝ ዓይን የሚያጭበረብር ሞገድ ፈጠረ። ምጣዱ ደግሞ ምጣድ ነው የሚመስለው፤ ሌላ ምንም አይመስልም። ምርጊቱ ላይ ረጋሁ።

የመጀመሪያው ሥራ

ምርጊቱን ከላይ ደረብኩና ሞዱን መልቲፕላይ አደረግኩት፤ ኦፓሲቲውን (ምን ያህል ጎልቶ እንደሚታይ) 60 በመቶ። ፊቱ ላይ በትልቅ ብሩሽ ትንሽ ቀነስኩለት። ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ። ስክሪኑ ላይ ሳየው ደስ አለኝ። ጀርባው ልክ ናሙናውን መሰለ፤ እኔም ያየሁት ጀርባውን ብቻ ነበር።

መልቲፕላይ ሁለቱን ሌየሮች ያባዛል፤ ውጤቱ ከሁለቱም የጨለመ ይሆናል። ብርሃን የሚለካው ከ0 (ሙሉ ጥቁር) እስከ 255 (ሙሉ ነጭ) ነው፤ የነጠላው 240 ነበር። የምርጊቱ አማካይ 180 ገደማ። ሲባዙና ለ255 ሲካፈሉ 169 ይሆናል። ኦፓሲቲው 60 ስለሆነ 197 ላይ አረፈ። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገር ይሆናል። በዓይን ግን ለበዓል ታጥቦ የተጠቀለለ ነጠላ አመድ ላይ የወደቀ መሰለ። ጉንጩ ደግሞ ከ110 ወደ 91 ወረደ። ሁሉም ስለጨለመ ከርቭስ በሚባለው የብርሃን ማስተካከያ መልሼ አበራሁት። ያኔ የምርጊቱ ቀይ አፈር ቆዳው ላይ ወጣና የሸክላ ቀለም ሰጣቸው።

በዓሉ እየቀረበ ነበር። ሙከራ ሳላሳትም በቀጥታ ሙሉውን 60 በ90 አሳተምኩ።

ሲረከቡ

እናትየው ካንቫሱ ፊት ቆሙ። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉና ቀረብ አሉ።

«ልጄ፣ ፊቴን ሳልታጠብ ነው እንዴ ያነሳችሁኝ?»

የምመልሰው ጠፋኝ። ልጅቷ ጣቷን ጉንጩ ላይ አደረገች። «እማዬ እኮ ማዲያት ኖሯት አያውቅም። ይሄ ምንድን ነው?»

ከተነገራችሁ በኋላ ማየት ማቆም የማይቻል ነገር አለ። ግድግዳው ላይ ዝናብ የወረደበት ቦታ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ነበረው። ያ ነጠብጣብ ልክ ሁለቱ ጉንጮች ላይ አርፏል። እውነትም ማዲያት ነው የሚመስለው። አንድ የጭድ ሰንበር ከግራ ዓይናቸው ጫፍ ተነስቶ እስከ ጆሯቸው ይሄዳል፤ የቆየ የቢላ ጠባሳ ይመስላል። ንቅሳቱ የለም። የአንገታቸው ጥላና የምርጊቱ ስንጥቅ ተደራርበው ውጠውታል። ነጠላውን የተናገረ አልነበረም፤ እኔ ግን አየሁት።

እናትየው ጨዋ ናቸው። «ግድ የለም፣ እርጅና ነው» ብለው ሊያልፉት ፈለጉ። እሱ ነው የባሰብኝ። በድጋሚ ያለ ክፍያ እንደምሠራ ነግሬ ሸኘኋቸው። የካንቫሱ ወጪ ከእኛ ኪስ ወጣ።

ለምን ናሙናው ላይ ሠርቶ እዚህ አልሠራም?

ማታ ናሙናዎቹን ከፍቼ በፒከር (የአንድን ነጥብ ቀለም በሚያነበው መሣሪያ) የፊቶቹን ብርሃን ለካሁ። አብዛኞቹ ነጭ ቆዳ ያላቸው ሰዎች ናቸው። የጉንጫቸው ብርሃን 200 አካባቢ ነው። የእናትየው 110።

ይህ ልዩነት ለምን እንደሚጎዳ ለቴክስቸር በሚመከረው በሌላው ብሌንዲንግ ሞድ፣ በሶፍት ላይት፣ ማየት ይቀላል። ይህ ሞድ ከሁሉም በላይ የሚጫነው መካከለኛ ብርሃን ላይ ነው። ወደ ነጭና ወደ ጥቁር ጫፍ ሲሄድ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ሙሉ ነጭና ሙሉ ጥቁርን ጨርሶ አይነካም። ቴክስቸሩ ላይ ብርሃኑ 89 የሆነ አንድ ጠቆር ያለ ነጥብ እንውሰድ። 200 የሆነ ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ወደ 187 ያወርደዋል፤ የ13 ልዩነት። 110 የሆነ ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ወደ 91 ያወርደዋል፤ የ19 ልዩነት። አንድ ዓይነት ቴክስቸር፣ አንድ ዓይነት ኦፓሲቲ፣ ግን የእኛ ሰው ፊት ላይ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይከብዳል። በዚያ ላይ 13 ቢቀነስለትም 187 አሁንም ብሩህ ነው። 91 ግን ጥላ ወደሚባለው ክልል እየገባ ነው።

እኔ ቴክስቸር የተማርኩት ከዩቲዩብ ነው። «ሶፍት ላይት፣ 40 በመቶ፣ አለቀ» የሚሉ ቪዲዮዎች። የማያቸው ቪዲዮዎች ላይ የሚቀመጠው ሞዴል ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ነጭ ነው። ቁጥሩ የዚያ ፊት ቁጥር ነው። ለዓመታት እንዳለ ወስጄ ስጠቀምበት ኖሬያለሁ፤ ከዚህ በፊት ያለፉኝ ደንበኞች ምን ብለው እንደሄዱ አላውቅም።

ሁለተኛው ዙር

ከሮ ፋይሉ እንደገና ጀመርኩ። መጀመሪያ ሃይላይቱን (የብሩሁን ክፍል ብርሃን) ወደ ታች ሳብኩት። ነጭ ሆኖ የጠፋ የመሰለኝ የነጠላው ድርና ማግ ብቅ አለ። ትከሻቸው ላይ እጥፋቱ፣ የጥለቱ ጠርዝ፣ ሁሉም አለ። ሸማኔው ቴክስቸሩን አስቀድሞ ሠርቶት ኖሯል፤ እኔ ነኝ ምርጊት የለቀለቅኩበት።

ቀጥሎ ምርጊቱን አዘጋጀሁ። ቀለሙን አጠፋሁ። ዝናብ የወረደበትን ነጠብጣብ ለማስወገድ ሃይ ፓስ ተጠቀምኩ። ይህ ፊልተር ሰፋፊውን የብርሃን ልዩነት ያጠፋና ትንንሹን ስንጥቅ ብቻ ያስቀራል። የቀረውን ሜዳ ግራጫ ያደርገዋል፤ ወደ 128። ሶፍት ላይት ደግሞ 128 ግራጫን እንደሌለ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ሞዱን ሶፍት ላይት ሳደርገው የፎቶው አጠቃላይ ብርሃን ንቅንቅ አላለም፤ በከርቭስ መልሶ ማብራት አላስፈለገም።

ፊቱ ላይ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። በየቪዲዮው የሚመከር ዘዴ አለ፦ የቴክስቸሩን ሁለተኛ ቅጂ በጋውሲያን ብለር አደብዝዞ ለፊት ብቻ መጠቀም። ስንጥቁ ይጠፋል፣ ድባቡ ይቀራል ይባላል። ሞከርኩት። ሃይ ፓስ ያልነካውን ቅጂ ሳደበዝዘው በእርግጥ ስንጥቁ ጠፋ። የቀረው ግን ያው ነጠብጣብ ነው። ማዲያቱ ለስልሶ ተመለሰ። ሃይ ፓስ የነካውን ሳደበዝዝ ደግሞ ሁሉም ተስተካክሎ ግራጫ ሆነና ምንም የሚሠራው ሥራ አጣ። ይህ ዘዴ እኩል ቀለም ላለው ወረቀት ያስኬድ ይሆናል። ለምርጊት አይሆንም።

በመጨረሻ ምርጊቱን ከፊታቸው ላይ ሙሉ በሙሉ አወጣሁ። ማስክ (ሌየሩን ከተመረጠ ቦታ የሚደብቅ መሸፈኛ) አድርጌ በለስላሳ ብሩሽ፣ ፍሎውን (ብሩሹ በአንድ ጊዜ የሚቀባውን መጠን) 10 አድርጌ፣ ከአገጭ ጀምሬ እየደጋገምኩ ሸፈንኩ። ግንባራቸው ላይ ያለው መስመር የራሳቸው ነው፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ንቅሳቱን በትንሽ ብሩሽ ለብቻው አወጣሁት።

አሁን ሌላ ችግር መጣ። ፊቱ ንጹሕ፣ ጀርባው ምርጊት። በመቀስ ተቆርጦ የተለጠፈ መሰለ። ይህን የፈቱልኝ ሁለት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቀለም ነው። ዋናውን ቀለም ያለውን ምርጊት በአቨሬጅ ፊልተር ወደ አንድ ወጥ ቀለም ቀየርኩት። ያንን ሙሉ ፎቶው ላይ፣ ፊቱንም ጨምሮ፣ በከለር ሞድ 12 በመቶ ደረብኩ። ስንጥቅ የለውም፣ ነጠብጣብ የለውም፤ ግን እናትየውና ግድግዳው አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ መሰሉ። ሁለተኛው ቅንጣት ነው። ግራጫ ሌየር ላይ ጥቂት ኖይዝ (ደቃቅ ነጥቦች) ጨምሬ በሶፍት ላይት ከሁሉም በላይ አደረግኩት። ዓይን ጠርዙን የሚያገኘው አንዱ ወገን ሻካራ፣ ሌላው ለስላሳ ሲሆን ነው። ቀጭን ቅንጣት ሁለቱንም ያስማማል።

ነጠላው የቀረኝ ነበር። ሶፍት ላይት ብሩህ ነገርን ብዙም ስለማይነካ ሜዳው ላይ ያለ ጣልቃ ገብነት ንጹሕ ሆነ። ለሙከራ በመልቲፕላይ ሦስተኛ ቅጂ ጨመርኩለት፤ በጣም አብርቼ፣ ስንጥቁ ብቻ እንዲታይ። ቆሻሻ መሰለ፣ ወዲያው ሰረዝኩት። በምትኩ የሶፍት ላይቱን ሌየር ብሌንድ ኢፍ ከፈትኩ፤ ሌየሩ ከሥሩ ባለው ብርሃን መጠን እንዲታይ ወይም እንዲጠፋ የሚያደርግ ቅንብር ነው። የታችኛውን ሌየር የነጭ ጠቋሚ አልት ተጭኜ ለሁለት ከፈልኩት፤ አንዱን 170፣ ሌላውን 220 ላይ። ከ170 በታች ቴክስቸሩ ሙሉ ነው። ከዚያ እየሳሳ ሄዶ 220 ላይ ይጠፋል። እጥፋቱ ውስጥ ያለው ጥላ ምርጊቱን ተቀበለ፣ ሜዳው ነጭ ሆኖ ቀረ። ማስክ በእጅ ብሠራ ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝን በሁለት ሰከንድ ጨረሰው።

ጀርባው ላይ ቴክስቸሩን 70 በመቶ ተውኩት። ከጭንቅላታቸው አጠገብ የነበሩትን የጭድ ሰንበሮች በሂሊንግ ብሩሽ አጠፋሁ። ድሮ ፎቶ ቤት ጀርባ የሚሰቀለውን የተሳለ መጋረጃ አሰብኩ። መጋረጃው ከኋላ ነው እንጂ ሰው ላይ አይጣልም ነበር።

ማተሚያ ቤት

በዚህኛው ዙር መጀመሪያ ቁራጭ አሳተምኩ፤ 20 በ30፣ ግን ፎቶውን አሳንሼ አይደለም። ከግማሽ ፊት፣ ከነጠላውና ከጀርባው ጥቂት እንዲይዝ ቆርጬ፣ በእውነተኛው መጠን። ሙሉውን አሳንሶ ማተም ቴክስቸሩን አብሮ ስለሚያሳንሰው የሚነግርህ ነገር የለም።

ቁራጩ ሁለት ነገር አሳየኝ። ካንቫስ የራሱ ሽመና አለው። የምርጊቱን ቀጫጭን መስመሮች ዋጣቸው፣ ወፍራሞቹን ብቻ አስቀረ። ስክሪን ላይ ልክ የነበረው ቅንጣትም ካንቫሱ ላይ እንደ ቅንጣት አልታየም። እንዲያውም ከካንቫሱ ሽመና ጋር ተደምሮ አገጩ ሥር ያለውን ጥላ አደፈረሰው። ኖይዙን በግማሽ ቀነስኩ።

ሌላው ጨለማው ነው። የእኔ ስክሪን ብርሃን ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ ነበር። እንደ ፋኖስ በሚያበራ ስክሪን የታየ ጥላ ሸራ ላይ ከሰል ይሆናል። ስክሪኑን አወረድኩ፣ ቁራጩን አጠገቡ አድርጌ እስኪቀራረቡ ድረስ ጥላውን ከፈትኩ። ሙሉውን ያሳተምኩት ከዚህ በኋላ ነው።

አሁን የምሠራው እንዴት ነው

ኦፓሲቲ በቁጥር አልወስድም። መጀመሪያ የጉንጩን ብርሃን በፒከር እለካለሁ። ከ90 እስከ 130 ከሆነ ፊቱ ላይ ቴክስቸር አላስገባም፤ ቀለሙን ብቻ ነው የማስገባው። ብሩህ ቆዳ ከሆነም ከጉንጭ ይልቅ ፀጉርና ልብስ ላይ እጀምራለሁ።

ቴክስቸር ስመርጥ ነጠብጣብ ያለውን አልነካም። ስንጥቅ ማስክ ተደርጎ ይወጣል፤ ነጠብጣብ ግን ሰው ፊት ላይ ሲያርፍ በሽታ ይሆናል፣ ያየው ሁሉ ስም ያወጣለታል። ብርሃኑም ከፎቶው ብርሃን ጋር አንድ አቅጣጫ መሆን አለበት። ምርጊቱን ያነሳሁት ፀሐይ ከቀኝ ስትመጣ ነበር፣ የእናትየው ብርሃን ግን ከግራ ነው። መጀመሪያው ዙር ላይ ይህን ማንም አልተናገረም፣ ግን የሆነ የማይዋጥ ነገር እንዳለ ሁሉም ይሰማው ነበር። ለሁለተኛው ዙር ወደ ጎን ገለበጥኩት፣ አበቃ።

ፎቶውን ከመጀመሬ በፊት ደግሞ አሁን አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ «ከዚህ ፎቶ ላይ ምን እንዳይጠፋ ትፈልጋላችሁ?» ልጅቷን ብጠይቃት ኖሮ ንቅሳቱን ትነግረኝ ነበር። እናቷ በልጅነታቸው የተነቀሱት እንደሆነ በኋላ ነው የነገረችኝ።

ሳይፈታ የቀረው

ውጭ ያለው ወንድሟ ፎቶውን በስልክ አየውና «ታዲያ ምኑ ነው የተሠራው?» አለ። እውነቱን ነው። 6000 ፒክስሉ ስልክ ላይ ሲያንስ ምርጊቱ ተጨፍልቆ ተራ ቡናማ ጀርባ ይሆናል። ለስልክ ሌላ ቅጂ ሠራሁለት፤ ምርጊቱን በስማርት ኦብጀክት (ዋናው ፋይል ሳይነካ መጠኑን መቀያየር በሚያስችል ሌየር) ስለያዝኩት ሁለት እጥፍ ማስፋት ብቻ ነበር። ያም ሆኖ አልወደድኩትም። ስንጥቆቹ ትልልቅ ሆነው እናትየው ከተሰነጠቀ ገደል ፊት የተቀመጡ ይመስላሉ። ለስልክም ለግድግዳም የሚሆን አንድ ፋይል እስካሁን አላገኘሁም።

የመጀመሪያው ካንቫስ ምን ሆነ ለሚል፦ ልጅቷ ፊት ያለበት እንዲቀደድ ጠየቀች፣ እሷው ፊት ቀደድኩት። ትከሻና ነጠላ ያለበት ቁራጭ በሩ ጀርባ ተሰክቷል። «እንደ ድሮ ሥዕል አርግልኝ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ አወጣውና ነጠላው ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው እንዲገምት እጠይቀዋለሁ። እስካሁን ነጭ ያለ የለም።